መዝገብ ላይ ያልሰፈረችው ጥረጋ

ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። እኔ ደግሞ ከሰከንድ ጋር ከተጣላሁ ዘመን የለውም። በእኔ ሥራ አንድ ሰከንድ ማለት ዘላለም ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ዓለም ተፈጥራ፣ አርጅታ፣ ጡረታ ወጥታ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልማ ቤቷ ትገባለች። ሰዓቱን ታቅፌ ቤት ስደርስ ሙሉ፣ ባለቤቴ፣ አገላብጣ አየችውና «ባትሪ እንኳ አላደረጉበትም» አለች።

«አንተም እንደ እሱ ቁም ማለታቸው ነው» አልኳት።

ገና ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው። ጥርሴ ሙሉ ነው፣ ጸጉሬ ግማሽ ነው፣ ወሬዬ ትርፍ ነው። ቀድሜ የወጣሁት እጄ ትንሽ መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ነው። እናንተ አታዩትም፤ ሙሉም አታየውም፤ ሻይ ስቀዳም አይፈስም። ነገር ግን የጸጉር አንድ አሥረኛ ያህል መንቀሳቀስ ቀኑን በሚያበላሽበት ሥራ እጅ ሲያረጅ ቀድሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሰው ሳይነግረኝ ራሴ ነገርኳቸው። ይህን ማድረግ ከየት እንደ ተማርኩ ነው ዛሬ የምጽፈው። ትምህርቱ ርካሽ አልነበረም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከአዳማ ብዙም በማይርቅ ስኳር ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። የአገዳ ጭማቂ በረጅም ቱቦ ይሞላል፣ ብርሃን ይለቀቅበታል፣ ስኳሩ ብርሃኑን ምን ያህል እንደ ጠመዘዘው አንብቤ እጽፋለሁ። ብርሃን የሚባል ነገር ወሬ እንደሚያቀብል ያወቅሁት እዚያ ነው። አለቃዬ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ የአገሩን ስኳር ሲለኩ ውለው ማታ ቤታቸው የራሳቸውን ይለካሉ። «ከሥራ የማልወጣ ሰው እኔ ብቻ ነኝ» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወደ አዳሚ ቱሉ ተዛወርኩ፤ አፈርና ተባይ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ። የዝዋይ ሐይቅ እርጥበት ማይክሮስኮፑ ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ቢተዉት ጎመንም ይወጣው ነበር። እኔ ሌንስ የመጥረግ ጥበብ የለመድኩት እዚያ ነው። ትንፋሽ እፍ፣ ንጹሕ ጥጥ፣ ጠብታ አልኮል፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞሩ መውጣት። ዝናዬ ከሐይቁ ማዶ ተሻገረ። ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ሌንሱ የደበዘዘበት ሁሉ ማይክሮስኮፑን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ይመጣል። «የሌንስ ወጌሻ» ይሉኝ ጀመር። ይህችን ዝና ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ የምትሠራኝ እሷ ናት።

በመጨረሻ አዳማ ተመለስኩ። አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ከውጭ አገር ያገለገለ ሌዘር በእርዳታ አግኝቶ ቴክኒሻን ይፈልግ ነበር። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ በዓይን አይታይም ነበር። ስለ ዝውውር ወረቀቴም አልናገርም፤ እስካሁን እየተፈረመ ሳይሆን አይቀርም።

የሌዘሩን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ሰከንድ ውሰዱና ለአንድ ሚሊዮን ሰው አካፍሉት። እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ወስዶ ለሺህ ሚሊዮን ሰው ያካፍል። የመጨረሻው ሰው መዳፍ ላይ የምትደርሰው ፍርፋሪ ፌምቶ ሰከንድ ትባላለች። የእኛ ሌዘር የሚተፋው አንድ የብርሃን ምት የሚቆየው ሠላሳ እንዲህ ያለ ፍርፋሪ ነው። በአንድ ሰከንድ ምድርን ሰባት ጊዜ የሚዞረው ብርሃን በዚያች ጊዜ ውስጥ የአንድ ጸጉር ውፍረት እንኳ አያቋርጥም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ አዳማ ውስጥ ነው፤ «ደርሻለሁ፣ መናኸሪያው ጋ ነኝ» የሚላችሁ ሰው ገና ካልሲውን በሚፈልግበት ከተማ።

ላቦራቶሪው ሲከፈት ጀምሮ የነበሩት ዋና ቴክኒሻን ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝም ባለማስነካት ነው። የመጀመሪያውን ወር እጄ ኪሴ ውስጥ ኖረ። «እጅህን ኪስህ!» ይላሉ ገና በሩን ሳልዘጋ። ሱሪዬ ኪሱ አልቆ ጉልበቱ አዲስ ነበር።

ሲገቡ ሰዓታቸውን፣ ቀለበታቸውን፣ ባለ ብረት ቀበቷቸውን አውልቀው በር ላይ ባለች የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። የሚያብረቀርቅ ነገር የሌዘሩን ጨረር መልሶ ሰው ዓይን ውስጥ ሊከተው ይችላልና። እኔም ቀለበት ማውለቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ጣሳው ውስጥ ረስቼው ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ጣቴን አየችና «ላቦራቶሪ ስትገባ ላጤ የምትሆነው ለማን ብለህ ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ይዣት ሄድኩ፤ ጣሳዋን አሳየኋት፤ ጋሽ ደምሴን አሳየኋት። ጋሽ ደምሴን ስታይ ጥርጣሬዋ ሁሉ ለቀቃት።

ከጣሳዋ አጠገብ ወፍራም መዝገብ አለ። እስክሪብቶው በጫማ ክር ታስሮበታል፤ ማንም እንዳይወስደው፣ ማንም ደግሞ «እስክሪብቶ አጣሁ» እንዳይል። ሕጉ አንድ ነው፤ «የነካኸውን ጻፍ።» አንዲት ብሎን ሩብ ዙር ካዞርክ ሩብ ዙር ብለህ ትጽፋለህ። አንድ ነገር አልሠራ ሲል ጋሽ ደምሴ ወደ ዕቃው አይሄዱም። ውጭ ወጥተው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ «ከሠራበት ቀን ወዲህ ምን ተነካ?» ብለው መዝገቡን ይገልጣሉ። ከአሥር ዘጠኙ ብልሽት እዚያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጡረታ ወጥተው ወለንጪቲ ንብ ማነብ ሲጀምሩ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ለኃላፊው አስረከቡ፤ መዝገቡን ግን በእጄ ሰጡኝ።

ጫልቱ የመጣችው ከእሳቸው በኋላ ነው። የመቂ ልጅ ናት፤ እዚያው መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምር ነበር፤ የትምህርት ፈቃድ አግኝታ ለዶክትሬቷ አዳማ ገባች። በኦሮምኛ ትናደዳለች፣ በአማርኛ ትናገራለች፣ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ሦስቱም ቋንቋዎች ይፈሯታል። ጥያቄዋ ስለ ወርቅ ነበር። አትጎምጁ፤ ሺህ ቅንጣት ቢደረደር የጸጉር ውፍረት የማይሞላ ወርቅ ነው፣ መስታወት ላይ የተረጨ። ብርሃን ወርቁ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ለአፍታ እንደ ብርሃን ጉልበት ይቆይና ወዲያው ተራ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ያቺ አፍታ ምን ያህል ናት? የብርሃኑን ምት ቅርጽ በመለወጥስ ልናረዝማት እንችላለን? መልሱ ቢገኝ አንድ ቀን ፀሐይን ከመሞቅ አልፈን የምንጠቀምበት ሌላ መንገድ ይገኝ ይሆናል።

«ቅርጽ» ያልኩትን በባጃጅ ላስረዳ። አንድ የብርሃን ምት በባጃጅ እንደሚሄድ የሰርግ አጀብ ነው፤ ብዙ ቀለም አብሮ ይጓዛል። ብርጭቆ ውስጥ ሲያልፍ ግን ቀዩ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ አጀቡ ይበታተናል። እኛ አንድ ሳጥን አለን። ሳጥኑ ውስጥ ግሬቲንግ የሚባል፣ መዳፍ የማይሞላ መስታወት መሳይ ነገር ተቀምጧል፤ በአንዲት ሚሊሜትር ላይ ከሺህ በላይ ጭረት የተሠራበት። አጀቡ እሱ ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ቀለም በየመስመሩ ይለያል። መሐል ላይ እንደ ስልክ ስክሪን ያለ ነገር ቆሞ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን «አንተ ትንሽ ቆይ» ይላል። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ያው ግሬቲንግ ላይ ይገናኝና አንድ አጀብ ሆኖ ይወጣል፤ እኛ ባዘዝነው ተራ፣ ሙሽራው ፊት፣ ሚዜ ኋላ፣ ወይም ሁሉም እኩል። የመጀመሪያው ምት ወርቁን ይቀሰቅሰዋል፤ ከኋላው የሚላክ ሌላ ምት ምን እንደ ሆነ አይቶ ይነግረናል።

ጫልቱ ይህን ሁሉ አስተካክላ ለመጨረስ ወራት ፈጀባት። የትምህርት ፈቃዷ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ሦስተኛ የለም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ልኬቱ ካልተገኘ ዶክትሬቱ ቀርቶ ወደ ጠመኔዋ ልትመለስ ነው። ግንቦት ገብቷል። ሌዘሩ ጤና ነው፣ ሳጥኑ ተስተካክሏል፣ ልኬቱ ሊጀመር ነው።

እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ።

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል እኛ የምንሆነውን ታውቃላችሁ። አልጋ ሥር ለዓመታት በሰላም የኖረ አቧራ በስሙ ተጠርቶ ይወጣል። ኃላፊያችን በየክፍሉ እየገቡ «ሁሉም ነገር ያብረቅርቅ!» አሉ። ወለሉ ታጠበ፣ መስኮቱ ተወለወለ። ሰኞ ከሰዓት ጫልቱ ሳትኖር እኔ ብቻዬን የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩ። የአዳማ ነፋስ በግንቦት እንዴት እንደሆነ ለአዳማ ሰው አልነግረውም፤ ለሌላው፣ ሰላምታ ለመስጠት አፉን የከፈተ ሰው ግማሽ ኪሎ አሸዋ ውጦ ይዘጋዋል። ግሬቲንጉ ላይ ስስ አቧራ ተኝቷል።

የጋሽ ደምሴ ሕግ ግልጽ ነው፤ ግሬቲንግ ይነፋል እንጂ አይጠረግም። ጭረቶቹ ለስላሳ ናቸው፤ ጣት አይችሉም፣ ጥጥም አይችሉም። ሕጉን አውቃለሁ። ለሌላ ሰው የወጣ ሕግ መሆኑንም አውቃለሁ። እኔ የሌንስ ወጌሻ ነኝ! አቧራ የምናነሣባት የጎማ መንፊያ ተሰንጥቃለች፣ እንግዳ ነገ ነው፣ እጄ ደግሞ ከኪሴ ወጥቷል። ጥጥ፣ ጠብታ አልኮል፣ ቀስ ብዬ አንዴ።

ያለፍኩበት ላይ የጣት ስፋት ያለው ደብዛዛ መስመር ቀረ። ምን አደረግሁ? ለማስተካከል ደገምኩት። ሁለት መስመር ሆነ።

ክዳኑን ዘጋሁት። መዝገቡ በር ላይ ነው፣ እስክሪብቶው ታስሯል። አልፌው ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ጫልቱ ሌዘሩን አስነሣች። ከሳጥኑ የሚወጣው ብርሃን ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ቅርጹም አልሰበሰብ ብሏል። ስክሪኑን አየች፣ መዝገቡን ገለጠች፣ ዞር አለች።

«ጋሽ ተስፋዬ፣ ዓርብ ይሠራ ነበር። ከዓርብ ወዲህ ምን ተነካ?»

«ምንም» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ስንት ፌምቶ ሰከንድ እንደ ፈጀች እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እንግዶቹ መጡ። ማሽኑ ስላልሠራ ጫልቱ በአፏ አስረዳች፤ «አባቴ መቂ ቲማቲም ያለማል» ብላ ጀመረች። «ቲማቲሙ ከተለቀመ በኋላ ደላላው ቢዘገይ፣ መኪናው ቢዘገይ፣ አዲስ አበባ የሚደርሰው ድልህ ነው። ብርሃንም ወርቅ ላይ ሲያርፍ እንደዚያ ነው፤ ቶሎ ካልጫንከው ሙቀት ሆኖ ይበላሻል። የእኛ ጥያቄ ከመበላሸቱ በፊት ስንት ጊዜ አለን የሚል ነው።» እንግዶቹ አጨበጨቡ። ክዳኑን የከፈተ የለም፣ ግሬቲንጉን ያየ የለም። ሲወጡ አንዱ ዘወር ብለው «ወለላችሁ እንዴት ያምራል!» አሉ።

ከዚያ ፍለጋው ጀመረ። ጫልቱ ሌዘሩን ጠረጠረች፣ ፈታችው፣ መለሰችው። መስታወቶቹን ጠረጠረች፤ አንድ በአንድ እንደ አዲስ አቃናች። እንደ ገና ሌዘሩን። ግሬቲንጉን አልጠረጠረችም። ማንም የማይነካውን ዕቃ ማን ይጠረጥራል? ሳጥኑ ደግሞ ጨለማ ነው፣ በመከላከያ መነጽር ውስጥ መስመሩ አይታይም። እኔ አጠገቧ ቆሜ መፍቻ አቀብላለሁ፤ እቀልዳለሁም። የመብራት ኃይልን አማሁ፣ ነፋሱን አማሁ፣ ሌዘሩ አገሩ ናፍቆት ነው አልኩ። እሷም ትስቃለች። ስትስቅ ይባስ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ በእጇ የጀመረችው ደብዳቤ ተቀምጧል፤ ለመቂው ትምህርት ቤት። «ወደ ማስተማር ሥራዬ ለመመለስ» ይላል፤ ከዚያ አላለፈም። አነበብኩት። ከዚያ ቀጥ ብዬ ወደ መናኸሪያ ሄጄ የወለንጪቲ ሚኒባስ ያዝኩ።

ጋሽ ደምሴ ከቀፎዎቻቸው መሐል ቆመዋል። ሁለቱም እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አንተ ወጌሻ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ድንኳን ተጥሎበታል? ባለህበት ቁም፣ እጅህን ኪስህ፤ ዛሬ ንቦቹ ተቆጥተዋል።»

እጄን ኪሴ ከትቼ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«በምን ጠረግኸው?»

«በጥጥና በአልኮል።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

«ሁለተኛው ለምን?»

«የመጀመሪያውን ለማስተካከል።»

ፈገግ ይላሉ ብዬ ነበር፤ አላሉም። አንዲት ንብ ግንባራቸው ላይ ስትሄድ ዝም አሏት።

«ጽፈኸዋል?»

«ምኑን?»

«መዝገቡ ላይ ነዋ። ጽፈኸዋል ወይ?»

«አልጻፍኩም።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሦስት ቀን አለፈው።»

«ግሬቲንግ ይገዛል» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ወራት ይፈጃል፣ ግን ይገዛል። የዚያች ልጅ ሦስት ቀን ከየት ነው የሚገዛው?»

ውሃ እንኳ አላቀረቡልኝም። «ሂድና ጻፍ፤ እኔ ነገ እመጣለሁ» ብለው ወደ ንቦቻቸው ዞሩ።

ስመለስ ጫልቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ገመድ ትከተላለች። መዝገቡን ገለጥኩ። የሰኞን ቀንና ሰዓት አስቀድሜ እንዲህ ጻፍኩ፤ «ግሬቲንጉን በጥጥና በአልኮል ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። ተበላሸ። ተስፋዬ።» ከዚያ መዝገቡን በር ላይ እንደ ተገለጠ ተውኩት። «ጫልቱ፣ ነይ አንብቢ» አልኳት።

አነበበችው። ሁለት ጊዜ ይመስለኛል።

«ይህ መቼ ተጻፈ?»

«አሁን።»

«መቼ ተጠረገ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንድትጮህ ፈለግሁ፤ በኦሮምኛም ቢሆን። «ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሌዘሩን ሁለቴ ፈታሁት። መፍቻውን የሚያቀብሉኝ እርስዎ ነበሩ።»

በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይቅርታ አልኳት፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ደብዳቤውን ግን ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበር፤ እንዳለ፣ ሳትቀጥለው።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ደምሴ መጡ። ሰዓት፣ ቀለበት፣ ቀበቶ ጣሳ ውስጥ። ውጭ ወጥተው ውሃ ጠጡ። ተመልሰው መዝገቡን አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተቀመጡ።

«አካም ጫልቱ። ሌዘሩን አጥፊው፣ መብራቱን አብሪ፣ ግሬቲንጉን ከመያዣው አውጡት። አንተ አይደለህም፤ እሷ።»

ጫልቱ ጓንት አድርጋ በዳርና ዳሩ ይዛ አወጣችው። በመብራት ሲታይ ያሳዝናል፤ ሁለቱ መስመሮቼ እንደ ጎማ ዱካ ተኝተውበታል። ጋሽ ደምሴ አጎንብሰው ብዙ ጊዜ አዩ። እጃቸው ከኪስ አልወጣም፤ በአገጫቸው ነው ያመለከቱት።

«ይቺስ?»

ከታች በኩል የመያዣው ከንፈር የሸፈናት፣ የጥፍር ስፋት ያላት ቀጭን ጠርዝ ነበረች። ጥጤ እዚያ አልደረሰም። ንጹሕ ናት።

«ጨረሩን ካቀጠንነው እዚህች ላይ ያርፋል» አለች ጫልቱ። ከትናንት ጀምሮ የሰማኋት የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። «ግሬቲንጉን ዘቅዝቀን፣ በጎኑ የሚይዝ ሌላ መያዣ ከተገኘ።»

«መያዣው የኔ ሥራ ነው» አልኩ። «እስከ ነገ።»

ከድር ዘንድ ሄድኩ። ከድር መናኸሪያው አካባቢ በቶርኖው የባጃጅ መለዋወጫ ይቀርጻል። ሥዕሉን አየና «ይህ የየትኛው ባጃጅ ነው?» አለኝ።

«ብርሃን የሚነዳው ነው።»

«ፍጥነቱስ?»

«ትራፊክ አይደርስበትም።»

«ታዲያ ሊብሬ አምጣ» አለ እየሳቀ፤ ግን ሠራው። ጸጉር በምታህል ስሕተት ሦስቴ መለስኩበት። ሦስተኛው ላይ «ጋሽ ተስፋዬ፣ ባጃጅ እንዲህ ቢመረጥ እስከ ዛሬ ሁላችን በእግራችን ነበርን» አለ። አራተኛው ልክ መጣ። ቅባቱን በሳሙና፣ ከዚያ በአልኮል አጠብኩት። ይህኛውን መጥረግ ይቻላል።

ከዚያ ማቃናቱ መጣ። ሁለት መስታወት ነው፤ አንዱ ጨረሩ በቅርብ የሚያርፍበትን፣ ሌላው በሩቅ የሚያርፍበትን ያስተካክላል። ቅርቡን ስታስተካክል ሩቁ ይሸሻል፣ ሩቁን ስትይዝ ቅርቡ ያመልጣል። ሁለት ባልቴት እንደ ማስታረቅ ነው፤ ለእያንዳንዷ ጥቂት ጥቂት እየሰጡ፣ ሳያስኮርፉ። ጫልቱ ታዞራለች፣ ጋሽ ደምሴ «ተይ... ተይ... በቃ» ይላሉ፣ እኔ እያንዳንዷን ሩብ ዙር መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጋሽ ደምሴ ከወለንጪቲ ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ጫልቱ ዞር ሳትል «ጋሼ፣ ሩብ ዙር ወደ ግራ፤ ጻፉ» አለችኝ። ጻፉ ስትለኝ ይቅር እንዳለችኝ ገባኝ። ወይም ልትለኝ እንደ ጀመረች።

አንድ ችግር ቀረ። ጨረሩ ሲቀጥን ጉልበቱ አንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ በሙሉ ኃይል ብንለቀው የቀረችንን ጠርዝ ያቃጥላታል። ኃይሉን ወደ አንድ አምስተኛ መቀነስ ነበረብን።

«የምንለካው ምልክት ይጠፋል» አለች ጫልቱ።

«ጠፍቶ ይታይ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

አልጠፋም። ቀጭን ሆኖ መጣ፤ ስክሪኑ ላይ ወጣ አለ፣ ወረደ። ጫልቱ ደገመችው። ያው መስመር፣ ያው ቦታ ወጣ፣ ያው ቦታ ወረደ። ሦስተኛም ደገመችው፤ ያው ነው። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ነገሩን ስታስረዳን ነው የገባኝ፤ ከእኔ ጥረጋ በፊት በወሰደቻቸው ሙከራዎች ሁለት ቀን አንድ ዓይነት መስመር መጥቶ አያውቅም ነበር። መብራቱን ታማርር ነበር። ለካ በሙሉ ኃይል የምንልከው ብርሃን ራሱ የወርቁን ቅንጣቶች እያቀለጠ ቅርጻቸውን ይለውጣቸው ኖሯል! ጠዋት የለካነው ወርቅ ከሰዓት ሌላ ወርቅ ነበር። ቆይታ ናሙናዎቹን ትልቅ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ልካ አረጋገጠችው፤ የድሮዎቹ እንደ ተሟሟ ሳሙና ተድበልብለዋል፣ አዲሶቹ እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ የምቱን ቅርጽ መለወጥ ጀመረች። ቀዩን አስቀድማ ላከች፤ ወርቁ አንድ መልስ ሰጠ። ቀዩን አስዘገየች፤ ሌላ መልስ። ጉልበቱ ሙቀት ከመሆኑ በፊት የሚቆይባት አፍታ ጥቂት ረዘመች። ለሰው ጆሮ ይህ ምንም አይደለም። ጫልቱ ግን ስልኳን አንሥታ መቂ ደወለች፤ «አባ፣ ቲማቲሙ ሳይበላሽ ደረሰ» ስትል ሰማሁ። አባቷ የምር መስሏቸው «የማን መኪና ጫነው?» ብለው ጠየቁ።

እኔ ወዲያው ለከተማው «ሳይንስን በጥጥ ያዳንኩት እኔ ነኝ» ማለት ጀመርኩ። ጫልቱ ሰማች። «ጋሼ፣ ያንን ሁለተኛ ቢደግሙት ግሬቲንጉን ግንባርዎ ላይ እሰቅለዋለሁ» አለች። ትክክል ናት። ኃይል መቀነስ ያለ ጥረጋም ይቻል ነበር፤ ሦስት ቀኗን ግን እስካሁን አልመለስኩም።

ሰኔ ሳያልቅ ልኬቱ አለቀ። የመመረቂያ ጽሑፏን ስትከላከል ጋሽ ደምሴ ከኋላ ወንበር እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ሰሙ። የምስጋናው ገጽ ላይ የኔን ስም ፈለግሁ፤ «ለአቶ ተስፋዬ፣ መዝገቡ ላይ ስለጻፉት» ይላል። ስለ ጥረጋው አንድም ቃል የለም። ዛሬ ጫልቱ እዚያው ላቦራቶሪ ታስተምራለች፤ አዲስ ተማሪ ሲገባ ገና በሩ ሳይዘጋ «እጅህን ኪስህ!» ስትል ኮሪደር ላይ ይሰማል።

በሽኝቴ ቀን የግድግዳ ሰዓቱ ከተሰጠኝ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር በእጄ አስያዘችኝ። አሮጌው ግሬቲንግ ነው፣ ከከድር መያዣ ጋር። አዲሱ ከመጣ ቆይቷል። መስኮቴ ላይ አቆምኩት። ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ታገኘውና ጣሪያችን ላይ ቀለም ይዘረጋል፤ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። በሥራዬ ዘመን ሁሉ በሌዘሩ ብርሃን ቀይና ከቀይ የባሰ ቀይ ብቻ ያሳየኝ ዕቃ ይህን ሁሉ ደብቆ ኖሯል። ለሰዓቱ ባትሪ አልገዛሁም።

ባለፈው እሑድ የሙሉ እህት ልትመጣ ነበር። ጋዜጣ እያነበብኩ ቀና ስል ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መስኮቱ ጋ ደርሳለች፤ አቧራ አይታበታለች።

«እጅሽን ኪስሽ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀሚሴ ኪስ የለውም» አለች፤ ቆመች ግን። የጨርቁ ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ቀና ብላ ጣሪያው ላይ የተዘረጋውን ቀለም አየች፤ ከመሐሉ ሁለት ቦታ ደብዘዝ ይላል፣ እያንዳንዱ የጣት ስፋት።

«እነዚህ ሁለት መስመሮችስ?» አለች።

«የኔ ናቸው» አልኳት። «መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።»